ራሷን የምትነዳ ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና፦ የወርክሾፕ ማስታወሻ

ሰኞ፦ ሥራው ተጀመረ

የመመረቂያ ፕሮጀክታችን ጸደቀ። በጎ-ካርት ሻሲ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና እንሠራለን። ግራና ቀኙ በኮን በታጠረ መስመር ውስጥ ማንም ሳይነዳት እየተጠማዘዘች ትሄዳለች፤ ፊቷ አንድ ነገር ሲደቀን ትቆማለች። ከዚህ ያለፈ ቃል አልገባንም።

ሐሳቡን ስናቀርብ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከ0 እስከ 5 ካሉት የኤስኤኢ (የተሽከርካሪ መሐንዲሶች ማኅበር) የራስ-ነጂነት ደረጃዎች የትኛው ላይ ነች?» የሚል ነበር። ብዙ ሰው ደረጃውን በመኪናዋ ብልጠት ይለካዋል። ዋናው ነገር ግን ሲያቅታት ማን ይረከባል የሚለው ነው። ደረጃ 3 ላይ አሽከርካሪው ሲጠራ መረከብ አለበት። ደረጃ 4 ላይ መኪናዋ በተፈቀደላት ክልል ውስጥ ራሷን ከአደጋ ማውጣት አለባት። የእኛዋ ወንበር እንኳ የላትም። ስለዚህ ሲያቅታት የሚያድናት ፍሬኗ ብቻ ነው።

የቡድናችን ግማሹ ከኤሌክትሪካል ምህንድስና፣ ግማሹ ከኮምፒውተር ሳይንስ ነው። የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ኮርሱ አንድ ሕንፃ ውስጥ ይሰጣል፤ የራስ-ነጂ ቴክኖሎጂው ሌላ ሕንፃ ውስጥ። መምህሩም ፈተናውም ለየብቻ ነው። ሻሲው ግን አንድ ነው። የእኔ ግምት ችግሩ ሁሉ የሚፈላው ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ነው የሚል ነው። ማስታወሻውን የምይዘውም ለዚሁ ነው።

ረቡዕ፦ ባትሪ

16 የሊቲየም አይረን ፎስፌት ሴሎች በተከታታይ አገናኘን። የአንዱ ሴል መደበኛ ቮልቴጅ 3.2 ነው፤ ጥቅሉ 51.2 ይመጣል። ሞልተው ሲያበቁ እያንዳንዳቸው 3.65 ይደርሳሉ፤ ጥቅሉ 58.4። የአንዱ አቅም 50 አምፔር-ሰዓት ስለሆነ ባትሪው በድምሩ 2.56 ኪሎዋት-ሰዓት ይይዛል። ለአንዲት ጎ-ካርት ከበቂ በላይ ነው።

ኒኬልና ኮባልት ያለበትን ዓይነት ያልመረጥነው በሙቀት ቶሎ ስለሚረበሽ ነው። የእኛው በኪሎ የሚይዘው ኃይል ያንሳል፤ ነገር ግን ታጋሽ ነው። ወርክሾፕ ውስጥ ትዕግሥት ያለው ባትሪ ይሻላል።

አንድ ዐመል ግን አለው። ከሙላቱ ትንሽ ዝቅ ካለ በኋላ ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ ቮልቴጁ ብዙም አይንቀሳቀስም። ቴስተር አስገብተህ «ግማሽ ነው» ወይም «ሩብ ነው» ማለት አትችልም። የገባና የወጣውን አምፔር በጊዜ እያባዙ መቁጠር ያስፈልጋል። ቆጠራው ደግሞ ቀስ በቀስ ስለሚስት ባትሪው ሙሉ በሞላ ቁጥር እንደገና ከመቶ ማስጀመር አለብን።

ሐሙስ ከሰዓት፦ የአንድ ቡሎን ነገር

ባትሪውን 100 አምፔር አስጎትተን ፈተንነው። የባትሪ መቆጣጠሪያው (ቢኤምኤሱ) የ7ኛው ሴል ቮልቴጅ ከሌሎቹ ቀድሞ እንደሚወርድ ያሳያል። ጭነቱ ሲነሳ ግን እኩል ናቸው። ሁሉም «ሴሉ ደክሟል» አለ። ምትክ ሊታዘዝ ሲል የወርክሾፑ ቴክኒሻን «ቆይ እስኪ» አሉና ቴስተሩን ሚሊቮልት ላይ አደረጉት። አንዱን ጫፍ ሴሉ ላይ፣ ሌላውን በቡሎን በታሰረበት የመዳብ ማገናኛ ላይ አስነኩት። 200 ሚሊቮልት! ጎን ለጎን ያሉት መጋጠሚያዎች 15 እንኳ አይሞሉም።

ስሌቱ ቀላል ነው። 200 ሚሊቮልት ለ100 አምፔር ሲካፈል 2 ሚሊኦም ነው። ከንቱ ቁጥር ይመስላል። ግን 100 አምፔር ሲያልፍበት 20 ዋት ሙቀት ይፈጥራል፤ ያውም ከጣት ጥፍር በማትበልጥ ቦታ ላይ። ዳዶው በደንብ አልጠበቀም፤ ሮንዴላውም መዳቡ ላይ ሳይሆን በተረፈ ላስቲክ ጠርዝ ላይ ነው የተቀመጠው። ተፈታ፣ መዳቡ በብርጭቆ ወረቀት ታሸ፣ በቶርክ ሬንች ታሰረ። 7ኛው ሴል ድኗል። ሴሉ ቀድሞም አልታመመም።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም መጋጠሚያ በጭነት ላይ እንለካለን። ሶፍትዌሩ የሚነግረን ሴሉና መጋጠሚያው ተደምረው ነው፤ ሁለቱን የሚለየው የሰው እጅ ነው።

ሰኞ፦ ከሞተር በፊት ፍሬን

ልጆቹ ሞተሩን ለማሽከርከር ቸኩለዋል። አማካሪያችን ግን «የማትቆም መኪና አላይም» ብለው ቁርጥ አደረጉ። ልክ ናቸው።

ፍሬኑን የሚጫነው ጠንካራ ሞላ ነው። ሞላውን ጎትቶ የሚያቆየው ደግሞ ኤሌክትሮማግኔት። ኤሌክትሪክ ከጠፋ ሞላው ይለቀቅና ፍሬኑ ይይዛል። የከባድ መኪና የማቆሚያ ፍሬንም እንዲሁ ነው፤ አየሩ ሞላውን ይዞ ያቆየዋል፣ አየር ሲያልቅ ጎማው ይታሰራል። ከማግኔቱ ጋር ቀይ የአደጋ ማቆሚያ መምቻዎቹ፣ የሪሞቱና የኮምፒውተሩ ሪሌዎች (በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ማብሪያ ማጥፊያዎች) ሁሉም በአንድ መስመር በተከታታይ ተያይዘዋል። አንዱ ከተከፈተ ወይም ሽቦ ከተበጠሰ መኪናዋ ትቆማለች።

የኮምፒውተር ሳይንስ ልጆች ጠየቁ፦ «ለምን ኮዳችን አይወስንም?» ኮዱ ደርቆ ከቀረ መድረቁን የሚናገረው ማን ነው? ስለዚህ ኮምፒውተሩ በየ50 ሚሊሰከንዱ «አለሁ» የሚል ምት ይልካል። ለብቻዋ የተቀመጠች ትንሽ ሰርኪት ታዳምጠዋለች። ለ150 ሚሊሰከንድ ዝም ካለ መስመሩን ትቆርጣለች። አትከራከርም።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አየን። መስመሩን ቆርጠን የቮልቴጅን ለውጥ በስክሪን በሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ስናይ ማግኔቱ ወዲያው አይለቅም። ኮይሉ (የማግኔቱ የሽቦ ጥቅል) ላይ እንደ ወጉ የተገጠመው ዳዮድ ነው ጉዱ። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ በኮይሉ ውስጥ የቀረው ከረንት በዳዮዱ በኩል እየዞረ ቀስ እያለ ይሞታል፤ እሱ እስኪሞት ሞላው እንደተያዘ ነው። ዳዮዱን ማውጣት አይቻልም፤ ካወጣነው የሚፈጠረው ከፍተኛ ቮልቴጅ ሪሌውን ያቃጥለዋል። መፍትሔው ከዳዮዱ ጋር ዜነር (ከተወሰነ ቮልቴጅ በላይ ብቻ ከረንት የሚያሳልፍ ዳዮድ) በተከታታይ ማስገባት ነው። ኮይሉ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ሲገጥመው ከረንቱ ቶሎ ይጠፋል። ከዜነሩ በኋላ በስክሪኑ ላይ ያለው ተዳፋት መስመር ገደል ሆነ። መኪና በሰከንድ 5 ሜትር ስትሄድ እያንዳንዱ 100 ሚሊሰከንድ ግማሽ ሜትር ነው፤ እና ያንን ግማሽ ሜትር በአንዲት ዜነር ማትረፍ ርካሽ ግዢ ነው።

ዓርብ፦ ኮንታክተር

አጭር ቀን። ኮንታክተር የባትሪውን ኃይል የሚያገናኝና የሚቆርጥ ትልቅ ሪሌ ነው። የሞተር ኮንትሮለሩ መግቢያው ላይ ኃይል የሚያከማቹ ትልልቅ ካፓሲተሮች አሉት። ባዶ ካፓሲተር ላይ 52 ቮልት በቀጥታ ከለቀቅህ ብልጭታው የኮንታክተሩን ጥርስ ይበይደዋል። የተበየደ ኮንታክተር ደግሞ «ጥፋ» ሲሉት አይጠፋም። ስለዚህ በቅድሚያ በ100 ኦም ሬዚስተር በኩል እንሞላለን። ለ5,000 ማይክሮፋራድ አንድ የጊዜ ቋሚው (ሬዚስተሩ በካፓሲተሩ ሲባዛ) ግማሽ ሰከንድ ነው፤ ሊሞላ ሲቃረብ አምስቱ ያልፋሉ፣ 2.5 ሰከንድ። ሦስት ሰከንድ እንጠብቃለን፤ ግን በጊዜው ብቻ አንተማመንም። የኮንትሮለሩ ቮልቴጅ የባትሪውን 95 በመቶ ካልደረሰ ዋናው ኮንታክተር አይዘጋም። ሬዚስተሩ ተቃጥሎ ቢሆን ሰዓቱ ምን ያውቃል?

ማክሰኞ፦ ሞተሩ ዞረ

መኪናዋን በክሪክ አንስተን በማቆሚያ ላይ አስቀመጥናት። ሞተሩ ቋሚ ማግኔት ያለው ባለ ሦስት ፌዝ ነው። ውስጡ ሦስት የሆል ሴንሰሮች አሉ፤ ማግኔቱ የቱ ጋ እንዳለ ለኮንትሮለሩ ይነግሩታል። ሦስቱ ሴንሰሮች በአንድና በዜሮ 8 ዓይነት ምልክት ሊሰጡ ይችላሉ፤ ትክክለኛዎቹ ግን 6 ናቸው። ሦስቱም ዜሮ ወይም ሦስቱም አንድ ከሆኑ ሽቦ ተቆርጧል ማለት ነው።

መጀመሪያ ሞተሩ አጉረመረመና ተንቀጠቀጠ። የሴንሰሮቹ ተራ ከፌዞቹ ተራ ጋር ሆድና ጀርባ ነበር። ጎማውን በእጃችን ቀስ እያልን እያዞርን የሦስቱን ምልክት ወረቀት ላይ ጻፍን፤ ሁለቱን ሽቦ አቀያየርን። ከዚያ ያለ ድምፅ ዞረ። የቤንዚን ሞተር ለለመደ ሰው ዝምታው ያስደነግጣል። በዚያው ቀን ሕግ ወጣ፦ ቢጫው መብራት እየበራ ከሆነ ማንም እጁን ወደ ሰንሰለቱ አያስገባም።

ሐሙስ፦ ስትታጠፍ የምትታወር መኪና

መሪውን የሚያዞረው ሌላ ትንሽ ሞተር ነው፤ በቀበቶ ከመሪው ዘንግ ጋር ተያይዟል። ኮምፒውተሩም ካሜራውም ተገጠመ። ሁሉም በየፊናው ይሠራል። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ኮምፒውተሩ ድንገት ጠፍቶ ይነሳል። መቼ? ሹል መታጠፊያ ላይ ብቻ።

የኮድ ልጆች ኮዳቸው ውስጥ ገቡ። መታጠፊያ ላይ ስሌቱ ይበዛል፣ ሚሞሪ ያልቃል፣ ፕሮሰሰሩ ይግላል እያሉ ብዙ ፈለጉ። ነገሩ እዚያ አልነበረም። የመሪው ሞተርና ኮምፒውተሩ የሚመገቡት ከ52 ወደ 12 ቮልት ከሚያወርደው ከአንዱ ኮንቨርተር ነው። መሪው በኃይል ሲጠማዘዝ ሞተሩ የሚጎትተው ከረንት ከፍተኛ ነው፤ ኮንቨርተሩ ራሱን ለማዳን ቮልቴጁን ለቅጽበት ይጥላል። ለቴስተር የማይታይ ቅጽበት ነው፤ ኦሲሎስኮፑ ግን 12ቱ ወደ 8 ሲወርድ ያዘው። ለኮምፒውተሩ ያ በቂ ነው።

እስቲ አስቡት፤ መኪናዋ የምትታወረው ከሁሉ በላይ ማየት በሚያስፈልጋት ሰዓት ነው። ላፕቶፕ ላይ ያለው ሲሙሌሽን ይህን በፍጹም አያሳይም፤ ሲሙሌሽን ውስጥ ኤሌክትሪክ አያልቅም። ለኮምፒውተሩ የራሱ ኮንቨርተር ሰጠነው፤ የመሪው ሞተር ለብቻው ሆነ።

ዓርብ፦ 40 ኦም

ሞጁሎቹ የሚነጋገሩበት ባለ ሁለት ሽቦ የካን መስመር መልእክት እየጣለ ነው። ጫፍና ጫፉ ላይ 120 ኦም ሬዚስተር መኖር አለበት፤ ኃይል ጠፍቶ በሁለቱ ሽቦ መካከል ሲለካ 60 መምጣት ነበረበት። 40 መጣ። 40 ማለት ሦስት 120ዎች ጎን ለጎን ማለት ነው። አንዱ ሞጁል የራሱን ሬዚስተር በሆዱ ይዞ መጥቷል። ነቀልነው። ለካን ችግር መጀመሪያ ቴስተር፣ ቀጥሎ ኮድ።

በዚያው የመሪው ማዕዘን ለምን እንደሚዘል አወቅን። ማዕዘኑን የሚለካው የኢንኮደሩ ሽቦ ከሞተሩ ወፍራም ፌዞች ጋር በአንድ ናስትሮ ተጠቅልሎ ነበር የተዘረጋው። ሞተሩ ሲጎትት ኢንኮደሩ ያልዞረውን ዞርኩ ይላል። የተጠማዘዘና ሽፋን ያለው ኬብል ተተካ፤ በሌላኛው የሻሲ ጎን እንዲሄድ ተደረገ።

ሰኞ፦ ዓይኖቿ

ካሜራውን በቼዝ ሰሌዳ ሥዕል ካሊብሬት አደረግን። ሰሌዳው መሃል ላይ ብቻ ሳይሆን ጥግ ጥጉ ላይም መታየት አለበት፤ ሌንሱ ምስሉን የሚያጣምመው እዚያ ነው። ኮኖቹን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሚወዳደሩበት በፎርሙላ ስቱደንት ያለ ሾፌር ውድድር ደንብ አደረግናቸው፦ በግራ ሰማያዊ፣ በቀኝ ቢጫ። ቀለሙ ብቻውን የትኛው ወገን እንደሆነ ስለሚናገር ኮዱ ይቀልላል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ስትል ግን ቢጫው ነጭ ይሆናል። ካሜራው ለሰማዩ ብርሃን ሲል ራሱን ያስተካክልና የመሬቱን ነገር ያበላሸዋል። የብርሃን መለኪያው የምስሉን የታችኛውን ግማሽ ብቻ እንዲያይ አደረግነው፤ ብዙ ተሻሻለ።

ሊዳሩ (በሌዘር ጨረር ርቀት የሚለካው ሴንሰር) ባለ አንድ ንጣፍ ነው፤ በአንድ ከፍታ ብቻ ይቃኛል። ርቀትን የሚለካው የብርሃኑን ደርሶ መልስ ጊዜ በመቁጠር ነው፤ ለ1 ሜትር 6.7 ናኖሰከንድ ገደማ። ቀለም አያውቅም፤ ርቀት ግን አይስትም። ቢያንስ እንደዚያ መስሎን ነበር።

ረቡዕ፦ የሌለ ግድግዳ

መኪናዋ ባዶ ሜዳ ላይ በዝግታ እየሄደች ትንሽ ፍሬን እንድትይዝ ታዘዘች። ያዘች። ከዚያ ሳትታዘዝ አጥብቃ ያዘችና ቆመች። ፊቷ ምንም የለም። መኪናዋ የምትቀዳው መዝገብ (ሎጉ) ላይ ግን ሊዳሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተዘረጋ ግድግዳ አይቷል።

ሊዳሩ ከመሬት 20 ሴንቲሜትር ከፍታ ላይ፣ በቀጭን ላሜራ ማቀፊያ ላይ ተቀምጧል። ፍሬን ሲያዝ ላሜራው ወደ ፊት ይተጣጠፋል። በ2 ዲግሪ ካዘነበለ ጨረሩ 5.7 ሜትር ርቀት ላይ አስፋልቱን ይመታዋል። እኛ ደግሞ «ከ6 ሜትር ወዲህ ነገር ካየሽ ቁሚ» ብለናታል። ስለዚህ ፍሬን ትይዛለች፣ ታዘነብላለች፣ መሬቱን ግድግዳ ነው ብላ ታያለች፣ አጥብቃ ትይዛለች፣ ይበልጥ ታዘነብላለች። ራሱን በራሱ የሚያባብስ ነገር!

የኮድ ልጆች ማጣሪያ ሊጽፉ ነበር፦ ሰፊና ቀጥ ያለ ነገር ከሆነ ችላ በል የሚል። እኔ ተቃወምኩ። እውነተኛ ግድግዳም ሰፊና ቀጥ ያለ ነው። ቴክኒሻኑ በማቀፊያው ጀርባ ሁለት ሰያፍ ብረት በየዱለት፤ ሊዳሩም ትንሽ ከፍ አለ። ግድግዳው ጠፋ። በብየዳ የሚድነውን በኮድ ማከም አልወድም። ኮዱ ይከማችና በመጨረሻ ማንም አይነካውም።

ዓርብ፦ ሴሚናር

የታሪኩን ክፍል የማቀርበው እኔ ነበርኩ። ሁለቱም ዘርፎች ከምናስበው በላይ ያረጁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1899 ካሚል ጄናትዚ በኤሌክትሪክ መኪና በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቷል። በ1980ዎቹ ኤርንስት ዲክማንስ ሙኒክ በሚገኘው የጦር ኃይሎች ዩኒቨርሲቲ በካሜራ የምትመራ ቫን ባዶ አውራ ጎዳና ላይ አስሂዷል። በ2004 የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም የሆነው ዳርፓ በረሃ ላይ ባካሄደው የሾፌር አልባ መኪኖች ውድድር ግን አንድም መኪና አልጨረሰም፤ የተሻለችው ከ240 ኪሎ ሜትሩ ወደ 12 ገደማ ሄዳ ቀረች። በዓመቱ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዋ ስታንሊ 212 ኪሎ ሜትሩን ከ7 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጨርሳ አሸነፈች።

ከተማሪዎች አንዱ «በአንድ ዓመት ውስጥ ምን ተአምር ተፈጠረ?» አለ። ተአምር አይደለም፤ በረሃው ውስጥ ደጋግሞ መንዳትና የተቀዳውን መረጃ መመርመር ነው። ይህን የምለው እኛም ከመሄዳችን ይልቅ ሎግ የምናነብበት ሰዓት ስለሚበዛ ነው።

ማክሰኞ፦ እባብ አካሄድ

የመስመር ተከታዩን ኮድ ጫንን። ዘዴው የታወቀ ነው፤ ፊት ለፊት ካለው መስመር ላይ አንድ ነጥብ ይመረጣል፣ ወደዚያ ነጥብ የሚወስደው ክብ ቅስት ይሰላል፣ መሪው በዚያ ልክ ይዞራል። ነጥቡ ሲቀርብ መኪናዋ መስመሩን በጥብቅ ትይዛለች፤ ሲርቅ መታጠፊያ ትቆርጣለች። እኛ 2 ሜትር መረጥን።

በእግር ፍጥነት ጥሩ ናት። በሰከንድ 5 ሜትር ላይ ግን ግራ ቀኝ እየተወላገደች ኮን ትጥላለች። ነጥቡን ብናርቀው መወላገዱ ይቀንሳል፤ ግን መታጠፊያው ላይ የውስጠኛውን ኮን ትደፈጥጣለች። ከድጡ ወደ ማጡ።

ወሬው ሁሉ ስለ ቁጥሮቹ ማስተካከል ሆነ። አንዲት የኤሌክትሪካል ልጅ ግን «መጀመሪያ ምን ያህል እንደምትዘገይ እንወቅ» አለች። መለኪያውን ያሰናዳችውም እሷው ናት። ካሜራው ፊት ኤልኢዲ አስቀመጠች። ኮዱ ኤልኢዲው ሲበራ ካየ መሪውን እንዲያዞር አደረገች። ስልኳን በሰከንድ 240 ምስል በሚቀዳው ቀርፋፋ ቪዲዮ ላይ አድርጋ ኤልኢዲውንና የፊት ጎማውን አንድ ላይ ቀዳች። ከዚያ መቁጠር ነው። ኤልኢዲው ከበራበት ምስል ጀምሮ ጎማው እስኪነቃነቅ 60 ምስል። 60 ለ240፣ ሩብ ሰከንድ።

ሩብ ሰከንድ ለሰው ምንም ነው። በሰከንድ 5 ሜትር ለምትሄድ መኪና ግን 1.25 ሜትር ነው። ከመረጥነው 2 ሜትር ውስጥ ከግማሽ በላዩ ጎማው ሳይነቃነቅ አልቋል ማለት ነው። መኪናዋ የምታቅደው አሁን ላለችበት ቦታ ሳይሆን ትታው ለሄደችው ቦታ ነው። ይህን እያየን የመሪውን ቁጥር ብንነካካ እድሜ ልካችንን እንነካካ ነበር።

ረቡዕ፦ ሩብ ሰከንዱ የት ይሄዳል?

ዛሬ በየደረጃው ከፋፍለን ለካን። ትልቁ ሌባ ያልጠረጠርነው ቦታ ተገኘ። የካሜራው ሶፍትዌር 4 ምስል ያህል በወረፋ ያስቀምጣል። ካሜራው በሰከንድ 30 ምስል ስለሚያነሳ አንዱ ምስል 33 ሚሊሰከንድ ነው፤ አራቱ ከ130 ይበልጣሉ። ኮዱ «አዲስ ምስል ስጠኝ» ሲል የሚሰጠው ወረፋው ላይ ያረጀውን ነው። ወረፋውን ወደ 1 አወረድነው። የአንድ መስመር ለውጥ። የቀረው ኮኑን የሚለየው የኒውራል ኔትዎርክ ስሌትና የመሪው ሞተር ራሱ ነው። የመሪው ቀበቶም ላላ ብሎ ስለነበር ጠበቀ።

የቀረው መዘግየት አይጠፋም፤ ግን ይታወቃል። የታወቀ መዘግየት ደግሞ ይሰላል። እያንዳንዱ ምስል ኮምፒውተሩ ሲቀበለው ሳይሆን ሲነሳ የነበረው ሰዓት ይጻፍበታል። ከዚያ በፍጥነቷና በመሪዋ ማዕዘን ተመሥርተን «ትእዛዙ ጎማው ላይ ሲደርስ የት ትሆናለች?» ብለን እናሰላለን፤ መስመሩን የምታቅደው ከዚያ ቦታ ተነስታ ነው። ለዚህ ፍጥነት የሳይክል ሞዴል የሚባለው ቀለል ያለ ስሌት ይበቃል፤ ሁለቱን የፊት ጎማ እንደ አንድ፣ ሁለቱን የኋላ እንደ አንድ የሚቆጥር ነው።

ከሰዓት በኋላ ሞከርናት። ቀጥ አለች። መታጠፊያውንም ኮን ሳትነካ ወጣችው። ወርክሾፑ ጮኸ።

ሰኞ፦ የሞላ ባትሪ

ፍሬን ሲያዝ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ኃይሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ኮዱ በዚህ ይተማመናል፤ ቀስ ለማለት መጀመሪያ የሚጠራው ሞተሩን ነው። ማለዳ ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቶ ወጣን። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ሞተሩ መለሰ፣ አንዱ ሴል ከ3.65 አለፈ፣ ቢኤምኤሱ ኮንታክተሩን ከፈተ። ኃይል ሲጠፋ ሞላው ፍሬኑን ደፈቀ። ቢኤምኤሱ ሥራውን ሠራ፤ ሞላውም ሥራውን ሠራ፤ መኪናዋ ግን መታጠፊያ መሃል ላይ ጎማዋ ታስሮ ተንሸራተተች።

ሁለት ለውጥ። ከ90 በመቶ በላይ አንሞላም። ቢኤምኤሱ ደግሞ «አሁን ይህን ያህል አምፔር ብቻ ነው የምቀበለው» የሚለውን ቁጥር በካን ይልካል፤ የጉዞ እቅዱ ያንን ያነባል። ሞተሩ መመለስ የማይችለውን በፍሬን ፓዱ ይሞላዋል። ፍጥነት የሚያቅደው ኮድ የባትሪውን ጤና ሳያውቅ ማቀዱ ድሮም ትክክል አልነበረም። ሁለቱ ሕንፃዎች መነጋገር የጀመሩት በዚህች አንዲት መልእክት ነው ብል አላጋነንኩም።

ሐሙስ፦ ቆሜያለሁ ባይዋ

የማቆም ፈተና። በሰከንድ 5 ሜትር፣ ፍሬኑ በ4 ሜትር በሰከንድ ካሬ ካዘገማት 3 ሜትር ከ10 ሴንቲሜትር ገደማ ያስፈልጋታል፤ መዘግየቱ ሲጨመር ከ4 ሜትር ትንሽ ያንሳል። ፍጥነቱ በእጥፍ ቢያድግ የፍሬኑ ድርሻ ብቻውን አራት እጥፍ ሆኖ 12.5 ሜትር ይደርሳል። ለዚህ ነው ከ5 በላይ የማንፈቅደው።

ደረቅ መሬት ላይ ስሌቱና መለኪያው ተቀራረቡ። እርጥብ ላይ ግን ሎጉና ቪዲዮው ተጣሉ። ሎጉ «ቆሜያለሁ» ይላል፤ ቪዲዮው ላይ ገና ትንሸራተታለች። የፍጥነት ሴንሰሩ የተገጠመው ኋላ ጎማ ላይ ነው፤ ፍሬኑም የሚይዘው ኋላውን። ጎማው ሲታሰር ሴንሰሩ ዜሮ ያነባል። ኮዱም መኪናዋ እንደቆመች ቆጥሮ ቦታዋን እዚያው ቸከለው። መልሳ ስትነሳ ራሷን የምታስበው ካለችበት ሁለት ሜትር ወደኋላ ነው።

የአክስለሬሽን ሴንሰሩ ስትንሸራተት ያውቃል፤ ግን ለረጅም ጊዜ ብቻውን አይታመንም፤ ትንሿ ስህተት እየተደመረች ታድጋለች። ስለዚህ ፍሬን የሌላቸው የፊት ጎማዎች ላይ ሴንሰር እየገጠምን ነው። የፊትና የኋላው ንባብ ሲለያይ ኮዱ የኋላውን ይተወዋል። የጥርስ ቀለበቶቹ ተቆርጠው መጥተዋል፤ የግራው ተገጥሟል፤ የቀኙ ቀዳዳ ከኩሽኔታው ቤት ጋር ስላልገጠመ ነገ እንደገና በትራፓን ይበሳል። እርጥቡ ፈተና ከዚያ በኋላ ይደገማል።